ከለቀማ በኋላ ማገላበጥ አለ

በካፋ ቡና የለቀመ ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ነገር አለች። በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ያለ ፍሬ ሁሉ በአንድ ቀን አይበስልም። አንዷ ቀልታለች፣ ጎረቤቷ ገና ቢጫ ናት፣ ሦስተኛዋ አረንጓዴ ሆና ጊዜዋን ትጠብቃለች። ጎበዝ ለቃሚ ቅርንጫፉን ከላይ እስከ ታች አይገፍፍም። ቀይዋን በሁለት ጣቱ ጠምዘዝ አድርጎ ቅርጫቱ ውስጥ ይጥላታል፤ አረንጓዴዋን ለሌላ ቀን ያቆያታል። የቸኮለው ግን ሁሉንም አንድ ላይ ይገፈዋል። ቅርጫቱ ቶሎ ይሞላለታል፤ ቡናው ግን ገዢ ፊት ሲቀርብ ያሳፍረዋል።

ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ግን ከለቀማው በኋላ ስላለው ሥራ ነው። እሸቱ ቡና ከጫካ ወጥቶ የሽቦ አልጋ ላይ ይሰጣል። እዚያ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል። በእነዚያ ቀናት ሰው ከአልጋው አይርቅም። ቡናው በቀን ደጋግሞ በእጅ ይገላበጣል፤ ማታ ጤዛ እንዳይመታው ይሸፈናል። የቦንጋን ሰማይ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ፀሐይ ነው ስትሉ ዝናብ ይሆናል። ያልተገላበጠ ቡና ከላይ ሲያዩት ደኅና ጀንፈል ይመስላል። ሻጋታው የተኛው ከሥር ነው። የሚታወቀውም ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ተፈልቶ ሲኒ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ ማን ላይ ይፈረዳል?

ወዳጆቼ፣ ምርጫም እንዲሁ ነው። እኛ የለቀማውን ቀን እንወደዋለን። ጎህ ሳይቀድ እንነሳለን፣ እንሰለፋለን፣ ጣታችንን ቀለም እናስነካለን፣ ፎቶ እንነሳለን። ከዚያ አልጋውን ትተን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። አምስት ዓመት ሳናገላብጥ ቆይተን ስንመለስ «ሁሉም አንድ ናቸው፣ ሁሉም ሻጋታ ናቸው» እንላለን። ሻጋታው ግን ከዛፉ አብሮ አልመጣም። የእጃችን አለመድረስ ነው የወለደው።

ይህን የምለው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆሜ አይደለም። እኔ ራሴ መጀመሪያ ድምፅ የሰጠሁ ጊዜ ከሰልፉ ርዝመት በቀር ብዙ የማስታውሰው የለኝም። ከወራት በኋላ አንድ የአክስቴ ልጅ «የመረጥኸው ሰው ስሙ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ትንሽ አሰብሁና የምልክቱን ስም ነገርሁት። ሳቀብኝ። «ታዲያ ነገ ውኃ ሲጠፋ ለሥዕሉ ነው የምታመለክተው?» አለኝ። ያቺ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ራሴን መራጭ ለማድረግ መማር የጀመርሁት። ካርድ መያዝና መራጭ መሆን ለካ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ቦንጋ አንድ ጊዜ ያደረገችው

«እኔ ብቻዬን ምን እለውጣለሁ?» ለሚል ሰው ሩቅ አገር ሄጄ ምሳሌ አላመጣለትም። ከራሱ ከካፋ እነግረዋለሁ።

ግንቦት 15 ቀን 2002 ዓ.ም. አራተኛው ጠቅላላ ምርጫ ተካሄደ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫዎች ነበሩት። ከእነዚህ 499ኙን ያኔ ገዢ ፓርቲ የነበረው ኢሕአዴግ፣ 46ቱን አጋር ድርጅቶቹ ወሰዱ። አንዷን የተቃዋሚዎቹ ጥምረት መድረክ አገኘ። አንዷ ብቻ በየትኛውም ፓርቲ ስም ባልቀረበ ሰው ተያዘች። ያቺ መቀመጫ የካፋ ነበረች። የቦንጋ መራጮች በግል የተወዳደሩትን ዶ/ር አሸብር ወልደጊዮርጊስን ወደ ምክር ቤት ላኩ።

ስለ ሰውየው ፖለቲካ ለመፍረድ ወይም ለማሞገስ አይደለም ይህን ያነሳሁት። ዓይኔ ያለው መራጩ ላይ ነው። አስቡት፤ በመላ አገሪቱ የገዢው ፓርቲ ማዕበል ሁሉን ጠርጎ በሄደበት ዓመት፣ እዚህ የቡና አገር ያለ ገበሬ፣ መምህር፣ ነጋዴ ወረቀቱን ይዞ ሚስጥራዊው ክፍል ገባና የፈለገውን ስም ፈልጎ አገኘ። ማንም እጁን አልያዘውም። ወረቀቶቹ አንድ በአንድ ተደምረው መቀመጫ ሆኑ። ብቻውን የሆነ ድምፅ የለም፤ የማይቆጠር መስሎት ቤቱ የቀረ ሰው ነው ያለው።

ግን እውነቱን እናውራ። ከ547 መቀመጫ አንዷ ብቻዋን ሕግ አታወጣም። ስለዚህ የቦንጋ ታሪክ ትምህርቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ መራጭ ከፈለገ የፈለገውን መልቀም ይችላል። ሁለተኛው፣ አንድ ጥሩ ፍሬ ለቅሞ ብቻውን አልጋ ላይ መተው በቂ አይደለም። ጠያቂ፣ ተከታታይ፣ አጋዥ ሕዝብ ከኋላው ከሌለ የተመረጠው ሰው ጎበዝም ቢሆን ይደክማል፣ ሰነፍም ቢሆን ያመልጣል።

አልጋው ደጃችን መጣ

ድምፅ ነገር የቀየረበት ሌላም ቀን አለ። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም.፤ መስቀል በተከበረ በሦስተኛው ቀን። የካፋ፣ የሸካ፣ የቤንች ሸኮ፣ የዳውሮና የምዕራብ ኦሞ ዞኖች ከኮንታ ልዩ ወረዳ ጋር ሆነው ለሕዝበ ውሳኔ ወጡ። ጥያቄው አንድ ነበር፤ በደቡብ ክልል ውስጥ እንቀጥል ወይስ የራሳችንን ክልል እናቋቁም? ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሰው አዲስ ክልል ይቋቋም አለ። ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የአገሪቱ 11ኛ ክልል ሆኖ ተመሠረተ። ቦንጋም የአስተዳደሩ መቀመጫ ሆነች።

ከዚያ በፊት የክልል ጉዳይ ያለው ሰው መንገዱ ወደ ሐዋሳ ነበር። ስንቅ ይዞ፣ አልጋ ይዞ፣ «ነገ ና» ሲባል አድሮ ነበር የሚመለሰው። «ሐዋሳ ሩቅ ነው» የሚለው አባባል እውነትም ነበር፣ ሰበብም ነበር። ዛሬ እውነቱ ሄዷል። ቢሮው ከገበያው ብዙ አይርቅም። ባለሥልጣኑ ቡና የሚጠጣበትን ቤት እናውቀዋለን። ልጁ ከልጃችን ጋር ይማራል።

ልብ በሉ፤ ካርታ በድምፅ ተቀየረ። በዕድሜዬ ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ ይህ ያስደንቀኛል። ግን ክልል ማግኘት እሸቱን መልቀም ነበር። አልጋው አሁን ደጃችን መጥቷል። ከእንግዲህ ቡናው ቢሻግት የምናመካኘው ርቀት የለንም።

«ገና ልጅ ነኝ» ላላችሁ

ወደ እናንተ ወደ ወጣቶቹ ልምጣ። ሕገ መንግሥቱ 18 ዓመት ለሞላው ሁሉ የመምረጥ መብት ሰጥቷል። የምርጫ አዋጁ ቁጥር 1162/2011 ደግሞ 21 ዓመት የሞላው ሰው በዕጩነት መቅረብ ይችላል ይላል። በሦስት ዓመት ውስጥ መራጭ ተመራጭ ይሆናል ማለት ነው። ይህች ሦስት ዓመት አንድ የቡና ችግኝ ተተክሎ የመጀመሪያ ፍሬውን ለማሳየት የሚፈጅበት ጊዜ ናት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰውም ብዙ ማፍራት ይችላል።

«ገንዘብ የለኝም፣ ዘመድ የለኝም፣ ማን ይሰማኛል?» የሚል ካለ ጎረቤታችንን ኬንያን ይመልከት። ነሐሴ 2009 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ጆን ፖል ምዊሪጊ የሚባል የ23 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ኢገምቤ ደቡብ በሚባል የምርጫ ክልል በግል ተወዳደረ። ትልልቅ ፖስተር የሚያሠራበት ገንዘብ አልነበረውም። ቤት ለቤት እየሄደ ሰዉን አነጋገረ። ከእሱ በዕድሜም በገንዘብም የሚበልጡትን አሸንፎ ፓርላማ ገባ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሕዝቡ ደግሞ መረጠው። የመጀመሪያው ድል የጫማው ነበር። ሁለተኛው ድል የሥራው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሰው ሁለተኛ ጊዜ በርህን ሲከፍትልህ በአዘኔታ አይደለም።

ናይጄሪያ ውስጥ ደግሞ ወጣቶች ሕጉን ራሱን ተጋፈጡት። «ለመወዳደር ገና ልጆች ናችሁ አትበሉን» ብለው ዘመቻ አደረጉ፤ ጻፉ፣ ሰልፍ ወጡ፣ የምክር ቤት አባላትን በየቢሯቸው እየሄዱ አነጋገሩ። በ2010 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ሕገ መንግሥቱ ተሻሻለ፤ ለተወካዮች ምክር ቤት የሚያስፈልገው ዕድሜ ከ30 ወደ 25፣ ለፕሬዚዳንትነት ከ40 ወደ 35 ወረደ። እነሱ ሕግ እስኪያስቀይሩ የታገሉለት በር ለእኛ በ21 ዓመት ተከፍቷል። በሩ ክፍት ሆኖ ደጅ መቆም ምን ይባላል?

አንድ እውነተኛ እንቅፋት ግን አለ፤ አልደብቅም። ለጀማሪ ፖለቲከኛ መማሪያው የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤት ነው። ሰው ከእዚያ ጀምሮ ነው ስብሰባ መምራት፣ በጀት ማንበብ፣ ተሸንፎ እጅ መጨበጥ የሚማረው። በአገራችን ግን የአካባቢ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ በስፋት የተካሄደው ሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። ያኔ 18 ዓመት ሞልቶት የነበረ ልጅ ዛሬ ሠላሳን አልፏል። መሰላሉ ሲጓደል ወጣት ወይ ከታች ቆሞ ይቀራል፣ ወይ ሳይማር ጣራ ላይ ይወጣል። ስለዚህ የአካባቢ ምርጫ ይደረግ ብሎ መጠየቅ ከወጣት ጥያቄዎች ሁሉ አንደኛው መሆን አለበት።

እስከዚያ ድረስ ግን ሌላ መሰላል የለም እንዴ? አለ። እድራችን አለ። ሊቀመንበር ይመረጣል፣ ገንዘብ ያዥ ይመረጣል፣ ሒሳብ በአደባባይ ይነበባል፣ የቀረ ይቀጣል። የቡና ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር አለ፤ ቦርዱ የሚመረጠው በአባላቱ ነው። የቦንጋ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ኅብረት አለ። በእድር ስብሰባ ላይ ተነስቶ «የባለፈው ወር ሒሳብ አልገባኝም» ለማለት ያልደፈረ ሰው ስለ ፌዴራል በጀት ሊጠይቅ አይችልም። የደፈረ ግን ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ታሪካችንም መሪን መጠየቅን ያውቀዋል። የካፋ ንጉሥ ታቶ ይባል ነበር። እስከ መጨረሻው ታቶ እስከ ጋኪ ሸሮቾ ዘመን ድረስ ሚክረቾ የሚባሉ ሰባት አማካሪዎች ነበሩ። ንጉሥ እንኳ በእነዚህ ሰባት ሰዎች ተከቦ ነበር የሚያስተዳድረው። ዘውድ የነበረው ሰው መካሪና ጠያቂ ካስፈለገው፣ እኛ በካርድ የላክነውን ሰው እንዴት ያለ ጠያቂ እንተወዋለን?

ሣጥኑ ማንነትን አይጠይቅም

አንድ ከባድ ነገር ደግሞ ላንሳ። በካፋ ማንጃ የሚባል ማኅበረሰብ አለ። ለረጅም ዘመን ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀርብ፣ በጋብቻም እንዳይተሳሰር ተደርጎ ኖሯል። ነገሩ እየተሻሻለ ቢመጣም ጠባሳው ገና አልጠፋም።

አሁን የምርጫውን ሣጥን አስቡት። ሲኒ ለብቻው የተቀመጠለት ሰው ወረቀቱን አጥፎ ይከተዋል። ሲኒውን የለየበትም ሰው ወረቀቱን አጥፎ ይከተዋል። ሣጥኑ ሲከፈት ሁለቱ ወረቀቶች ተቀላቅለው ይወጣሉ። ቆጣሪው የማንን ድምፅ እንዳነሳ አያውቅም፤ ቢያውቅም ሁለቱም አንድ አንድ ናቸው። ከዚህ የበለጠ የእኩልነት ትምህርት የት ይገኛል? ወጣቱ ፖለቲከኛ ሆይ፣ ቤት ለቤት ስትዞር ያንን ቤት ዘለህ ካለፍህ ሕዝብ ልትመራ አልተዘጋጀህም። አንቺም እህቴ፣ ዘመቻ ስትጀምሪ መጀመሪያ ማንም ያልገባበትን ደጅ አንኳኪ። ከዚያ በኋላ ያለው ደጅ ሁሉ ይቀልሻል።

ሕጉም ይገላበጣል

ስለ ምርጫ ሥርዓት ሲወራ ብዙ ሰው ያዛጋል። ግን ነገሩ ቀላል ነው፤ በቁጥር እንየው።

ሦስት ሰዎች ተወዳደሩ እንበል። አንዱ ከመቶ 40፣ ሌላው 35፣ ሦስተኛው 25 ድምፅ አገኘ። በእኛ ሥርዓት ባለ 40ው መቀመጫውን ይወስዳል። ለሁለቱ ድምፅ የሰጡት 60 ሰዎች ግን በዚያ መቀመጫ ወኪል የላቸውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 ያስቀመጠው ይህንን፣ ብዙ ድምፅ ያገኘ አሸናፊ የሚሆንበትን ሥርዓት ነው። ጥቅም አለው፤ ወኪላችሁ ማን እንደሆነ በስም ታውቁታላችሁ። ጉዳትም አለው፤ በየወረዳው የተበተነ ብዙ ድምፅ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። በ2007 ዓ.ም. ምርጫ 547ቱም መቀመጫዎች በኢሕአዴግና በአጋሮቹ ተይዘው ሲያድሩ፣ ሌላ የመረጠ ኢትዮጵያዊ አልነበረም ማለት አይደለም። ድምፁ መቀመጫ አልሆነለትም እንጂ።

ለዚህ ነው በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. ፓርቲዎች ሲደራደሩ ቅይጥ ሥርዓት የሚለው ሐሳብ ጠረጴዛ ላይ የወጣው። ከፊሉ መቀመጫ እንደ ዛሬው፣ ከፊሉ ደግሞ ፓርቲዎች ባገኙት ድምፅ ልክ ይከፋፈል የሚል ነው። እንዲህ ያለ ለውጥ ሕገ መንግሥት ማሻሻልን ይጠይቃል፤ አንቀጽ 105 መንገዱን ከፍ ያለ አድርጎታል። ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በጋራ ሆነው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው ሊስማሙበት ይገባል። አስተውሉ፤ ከክልሎቹ መካከል አሁን የእኛም አለ። የደቡብ ምዕራብ ምክር ቤት አባል ስለዚህ ጉዳይ ምን ያስባል? ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?

ከምርጫ ሥርዓቱ በታች ያለው ሕግም ሲታረም አይተናል። በ2017 ዓ.ም. የምርጫ አዋጁ ተሻሽሏል፤ የመራጮች ምዝገባም በቴክኖሎጂ እንዲታገዝ መንገድ ተከፍቷል። ሰባተኛው ጠቅላላ ምርጫ የተያዘለትም 2018 ዓ.ም. ነው። ስልኩን ሲነካካ የሚያድር ትውልድ ምዝገባ ከበደኝ ብሎ ሊያመካኝ አይችልም። እንዲያውም ስልክ ለሌላቸው አያቶች፣ ኔትወርክ ለማይገባበት የዴቻ ወይም የጨታ ቀበሌ እጁን የሚሰጠው ይኸው ትውልድ ነው።

አምስት የእጅ ሥራዎች

ጥሩ ሐሳብ ሰምቶ መነቃቃት ቀላል ነው፤ ማታ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከነገ ጠዋት ጀምሮ በእጅ የሚሠሩ አምስት ነገሮች ልስጣችሁ።

አንድ፦ ስማቸውን ያዙ። በፌዴራልና በክልል ምክር ቤት የሚወክሏችሁን ሰዎች ስም ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ ጻፉ። የማታውቋቸው ከሆነ አታፍሩ፤ እኔም አላውቅም ነበር። ጠይቃችሁ እስክታገኟቸው ድረስ ግን አትተኙ።

ሁለት፦ አንድ ጥያቄ ብቻ ምረጡ። መንገድ፣ ውኃ፣ ሥራ፣ መሬት፣ ትምህርት፣ መብራት እያላችሁ ሁሉንም ከደረደራችሁ ሁሉም «ይታያል» ተብሎ ያልፋል። አንዷን ይዛችሁ ዓመት ሙሉ ጠይቁ። ቡና የሚደርቀው ደጋግሞ በሚመለስ እጅ ነው።

ሦስት፦ የምርጫውን ማታ እስከ ውጤቱ ተከታተሉ። ጣቢያው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተከፍቶ ምሽት 12 ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ከዚያ ቆጠራው ይቀጥላል። የጣቢያው ውጤት ሕዝብ እንዲያየው ይለጠፋል። ሄዳችሁ አንብቡት። ታዛቢ መሆን ከቻላችሁ ደግሞ ሁኑ፤ አንድ ሌሊት ታዛቢ ሆኖ ያደረ ሰው ስለ ምርጫ ሲያወራ አፉን ሞልቶ ነው።

አራት፦ የማትስማሙትን ሰው ቡና ጋብዙ። ሥነ ሥርዓቱ ራሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል። አቦሉን እየጠጣችሁ ስሙት። ቶናው ላይ ጠይቁት። የእናንተን ሐሳብ ለበረካ አቆዩት። ቅደም ተከተሉን የጠበቀ ሰው በረካው ላይ ሲደርስ ሊናገረው ያሰበው ነገር ለስልሶ ያገኘዋል። አንዳንዴም ተቀይሮ።

አምስት፦ አንድ ትንሽ ምርጫ ተወዳደሩ። የክፍል አለቃ፣ የእድር ጸሐፊ፣ የማኅበር ቦርድ፣ የቀበሌ ወጣቶች ኮሚቴ፤ የትም ይሁን። ተሸነፉ እንኳ። መሸነፍን በሃያ ዓመቱ የተማረ ሰው በሃምሳ ዓመቱ ሥልጣን ልቀቅ ሲባል አይደነግጥም።

አንድ ስድስተኛም ነበር፤ ግን እሱ የሕገ መንግሥቱ ነው። አንቀጽ 12 ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችል ይናገራል። አንቀጽ 54ም ይህንኑ ይደግመዋል። ይህን መብት ለማስፈራራት አላነሳሁትም። ድምፅ ስጦታ ሳይሆን አደራ መሆኑን እንድታስታውሱት ነው። አደራ ሰጪ ዕቃው ደኅና መሆኑን አልፎ አልፎ ሄዶ ማየት አለበት። ሳይጠይቅ ከርሞ ዕቃው ተበላሽቶ ሲያገኘው ማልቀስ፣ መጥኖ ሳይደቁስ ድስት ጥዶ እንደማልቀስ ነው።

ደመናው ሲመጣ

በመጨረሻ ወደ አልጋው ልመልሳችሁ።

ከሰዓት በኋላ ነው። ቡናው ተሰጥቷል። ባለቤቱ ገበያ ወጥቷል፤ ሚስቱ ጓሮ እንሰት ትፍቃለች። ከተራራው በኩል ሰማዩ ይጠቁራል። ንፋሱ መጀመሪያ የሙዙን ቅጠል፣ ቀጥሎ የቤቱን ቆርቆሮ ያንኳኳል። ከዚህ በኋላ ያሉት ደቂቃዎች ጥቂት ናቸው። ካፋ ውስጥ በእንደዚህ ያለች ሰዓት ማንም «ቡናው የማን ነው?» ብሎ አይጠይቅም። «ተራው የማን ነው?» አይልም። አልጋው አጠገብ ያለ ሰው፣ የጎረቤት ልጅም ይሁን ከትምህርት ቤት የሚመለስ ተማሪ፣ ደብተሩን ጥሎ ሸራውን ይጎትታል። ሌላው ከማዶ ጫፉን ይይዝለታል። ዝናቡ ሲወርድ ቡናው ተሸፍኗል።

ለመሸፈን የታደለው ትልቁ ወይም አዋቂው አልነበረም። ቅርብ የነበረው ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ ዛሬ ለቦንጋ፣ ለጊምቦ፣ ለዴቻ፣ ለጨና ከእናንተ የሚቀርብ የለም። ደብተራችሁን አስቀምጡና የሸራውን ጫፍ ያዙ።